ለሴቶች እሰራለሁ ለሚል የውጭ ድርጅት ከመለገሳችሁ በፊት ምን ትጠይቃላችሁ?

ወሎ ውስጥ ቅሬ (ሌላው ጋ ዕድር የሚባለው) ያልገባ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የቅሬው ገንዘብ ያዥ ሂሳብ ሲያቀርብ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለማን ወጣ ብለን እንጠይቃለን፤ እሱም አይቀየምም። ባህር ማዶ ያለ ትልቅ ድርጅት ሲሆን ግን አፋችን ይያዛል። የአንዲት እናት ፎቶ ስልካችን ላይ ይመጣል፣ አንጀታችን ይላወሳል፣ የካርድ ቁጥራችንን እንሞላለን፣ በቃ። ዋሽንግተንም ሆናችሁ ጅዳ ወይም ደሴ፣ አትስጡ አልላችሁም። ጠይቃችሁ ስጡ ነው የምለው።

ለመጠየቅ ደግሞ እኛ ከማንም በላይ ምክንያት አለን። በጥቅምት 1977 ዓ.ም የቢቢሲው ማይክል ቡርክ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ስር ከነበረችው ከኮረም ስለ ረሃቡ ያቀረበው ዘገባ ዓለምን አናወጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ በለንደንና በፊላደልፊያ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተካሄደ። በመጣው እርዳታ ብዙ ነፍስ ተርፏል። ግን ምስላቸው ዓለምን የዞረው እናቶች ስለ ገንዘቡ አካሄድ አስተያየታቸውን የጠየቃቸው አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ ሰጪ ስንሆን፣ እነሱ ቢፈቀድላቸው ይጠይቁት የነበረውን እኛ እንጠይቅ።

መጀመሪያ መዝገቡን እዩ

የድርጅቱን ሕጋዊ ስምና የምዝገባ ቁጥር ጠይቁ። ፌስቡክ ላይ ያለው ስምና ሕጋዊው ስም ሊለያይ ይችላል። አሜሪካ የተመዘገበ ከሆነ የገቢዎች መስሪያ ቤቱ አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት፤ ፎርም 990 የተባለውን ዓመታዊ ሪፖርት እዚያው ታገኛላችሁ። የዋና ኃላፊዎቹ ክፍያ በስም ተዘርዝሯል። ውጭ ሀገር ያወጣው ገንዘብ ግን በክፍለ ዓለም ተጠቃሎ ነው የሚታየው። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ይላል እንጂ ደላንታ ወይም ተሁለደሬ አይልም። ዓመታዊ ገቢው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ትንሽ ድርጅት አጭር ማሳወቂያ ብቻ ሊልክ ስለሚችል፣ ሙሉ ሪፖርት አጣችሁ ማለት ሌባ ነው ማለት አይደለም። የሂሳብ መግለጫውን ከራሱ ጠይቁ።

እንግሊዝና ዌልስ ከሆነ የቻሪቲ ኮሚሽን መዝገብ ገቢና ወጪውን፣ የቦርድ አባላቱን ስምና የሚሰራባቸውን አገሮች ያሳያል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሮ አለኝ ካለ ደግሞ በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን መመዝገብ አለበት። የሚሰጣችሁ የባንክ ሂሳብ በግለሰብ ስም ከሆነ ወዲያው አቁሙ።

ቀጥሎ የትኛው ቀበሌ፣ ከማን ጋር በሉ

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። "የኢትዮጵያ ሴቶችን እናበቃለን" ምንም አይነግራችሁም። የትኛው ወረዳ? ስራውን መሬት ላይ የሚሰራው ማነው፣ እዚያው ያለ የሴቶች ማህበር ነው ወይስ በወር አንዴ ከአዲስ አበባ በመኪና መጥቶ የሚመለስ ሰው? ከምሰጠው 100 ዶላር ስንቱ ለአገር ውስጡ ማህበር ይደርሳል?

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። አዋጅ 621/2001 ለሴቶች መብት መስራት የሚፈልጉ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ እንዳያገኙ ከልክሎ ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር በዚህ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ነፃ የሕግ ምክር ያገኙ የነበሩ ሴቶችም አብረው ተጎዱ። አዋጅ 1113/2011 ያንን ገደብ አነሳው። ስለዚህ ዛሬ "ለአገር ውስጥ ማህበር መስጠት ሕጉ አይፈቅድልንም" የሚላችሁ ድርጅት ካለ አትቀበሉት።

የወረዳውን ስም ከነገሯችሁ በኋላ ዘመድ ጋ ደውሉ። አክስት፣ የአክስት ልጅ፣ የድሮ ጎረቤት የማይጠፋበት አገር ነው። የቀበሌዋን ጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ እንዲጠይቁላችሁ አድርጉ፤ ማን መጥቶ ምን እንደሰራ፣ ማንስ ፎቶ አንስቶ እንደቀረ የምታውቀው እሷ ናት። የወረዳው ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ይጠየቃል።

"መቶ በመቶ ለሴቶቹ ይደርሳል" ሲሉ

ያኔ ጠንቀቅ በሉ። አዋጅ 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ይደነግጋል፤ ምንም ወጪ የለብንም የሚል ግን አንድም ሌላ ሰው እየከፈለለት ነው፣ አንድም እውነቱን አልነገራችሁም። ከወሎ ቦረና ገጠር ምጥ የጠናባትን እናት ሆስፒታል ለማድረስ ሹፌርና ነዳጅ ያስፈልጋል። ሂሳብ የሚይዝ ሰውም ያስፈልጋል። ስለዚህ ወጪው ምን ሰራ ብላችሁ ጠይቁ፣ በመቶኛው ብቻ አትፍረዱ።

ችግሩን ከስሩ ይነካሉ ወይ? ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጥተው የፌስቱላ (በምጥ ጉዳት ሽንት መቆጣጠር ያለመቻል) ሕክምና ጀመሩ። ድርጅታቸው በማከም ብቻ አላቆመም፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ከፈተ፤ ምክንያቱም ፌስቱላ የሚመጣው ረጅም ምጥ ላይ የሚደርስ ባለሙያ ሲጠፋ ነው። የንጽህና መጠበቂያ የሚያድል ድርጅትም ቢሆን ሲያልቅ ልጅቷ ምን ታደርጋለች ተብሎ ይጠየቅ። "ለአንዲት እናት ፍየል ስጡ" የሚለውን ማስታወቂያም እስከ ታች አንብቡት። አንዳንዱ በትንንሽ ፊደል ገንዘቡ ለሌላ ስራም ሊውል እንደሚችል ይጽፋል። ፍየሏ በእርግጥ ከተሰጠች ደግሞ፣ ስትሸጥ ብሩን የሚይዘው ማነው?

ስለ ፎቶውና ስለ ታሪኩ

በካምቦዲያ በወሲብ ንግድ ለተጎዱ ሴቶች ትሟገት የነበረችው ሶማሊ ማም፣ ስለ ራሷ የተናገረችው ታሪክ ጥያቄ ተነስቶበት እ.ኤ.አ. በ2014 ከራሷ ፋውንዴሽን ለቀቀች። በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በመስራት ስሙ የገነነው ግሬግ ሞርተንሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ከሞንታና ግዛት ምርመራ በኋላ 1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለድርጅቱ እንዲመልስ ተደረገ። ሁለቱም ጋ ሰው የሰጠው ልብ የሚነካ ታሪክ ሰምቶ ነው።

ፎቶዋን ያነሳችኋት ሴት ፈቅዳለች ወይ፣ በምትሰማው ቋንቋ ተነግሯታል ወይ፣ ነገ ሃሳቧን ብትቀይር ታነሱታላችሁ ወይ በሏቸው። በጦርነቱ የተደፈረችን ሴት ፊቷን አሳይቶ፣ ሰፈሯን ጠቅሶ ገንዘብ ለሚለምን ድርጅት ግን ምንም ሳትጠይቁ እለፉት። እሷ እኮ እዚያው ሰፈር ነው የምትኖረው።

ሌላው የማይዘለል ጥያቄ ቅሬታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የተወሰኑ የእርዳታ ድርጅቱ የኦክስፋም ሰራተኞች ሴቶችን በገንዘብ ለወሲብ ይጠቀሙ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ወጥቷል። ትልቅ ስም ዋስትና አይሆንም። የእኛ አገር ሴት በሰራተኛቸው ብትበደል ለማን ትናገራለች? በአማርኛ፣ ከሚሴ አካባቢ ከሆነ በኦሮምኛ የሚያናግራት ሰው አለ?

መልእክቱን ላኩ

ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። ይህን የመሰለ ይበቃል፤ የውጭ ቢሮ ከሆነ በእንግሊዝኛ ጻፉት፦

"ጤና ይስጥልኝ። ልለግሳችሁ አስቤ ነው። ወሎ ውስጥ በየትኛው ወረዳ፣ ከየትኛው የአገር ውስጥ ማህበር ጋር ትሰራላችሁ? ባለፈው ዓመት ከወጪያችሁ ስንቱ ለዚያ ማህበር ደረሰ? ካቀዳችሁት ያልተሳካው የቱ ነበር? ሴቶቹ ቅሬታ ሲኖራቸው ለማን ይናገራሉ?"

እኔ ከሁሉም በላይ የማየው ያልተሳካው የቱ ነበር የሚለውን መልስ ነው። በትክክል የሚሰራ ድርጅት አንድ የከሸፈ ነገር አያጣም፣ ሳያፍርም ይነግራችኋል። ብሮሹር ልከው ዝም ካሉ አንዴ አስታውሷቸው። አሁንም ዝም ካሉ ብራችሁን ሌላ ጋ ውሰዱት።

መልሱ ካረካችሁ በትንሹ ጀምሩ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ በዓመቱ ያንኑ ጥያቄ ድገሙት። ማጭበርበር መስሎ ከታያችሁ የአሜሪካውን በፎርም 13909 ለአይአርኤስ፣ የእንግሊዙን ለቻሪቲ ኮሚሽን፣ ኢትዮጵያ የተመዘገበውን ለሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን አመልክቱ። ስታመለክቱ የከፈላችሁበትን ቀን፣ የገንዘቡን መጠንና የተጻጻፋችሁትን አያይዙ።