ፀሐይ ላይ የሚሠራው የቀለም ሴል ቤት ውስጥ ሲደክም፦ ችግርና መፍትሄ

የቀለም ሴል ብርሃንን በቀለም አማካኝነት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር የፀሐይ ሴል ነው፤ ቀለሙ መስታወት ላይ በተቀባ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ (ነጭ ዱቄት) ላይ ይይዛል፣ መሃሉን ኤሌክትሮላይት የተባለ ፈሳሽ ይሞላዋል።

ምልክት፦ ሴሉን 4 ኪሎ አደባባይ ፀሐይ ላይ ስታወጡት ቴስተሩ ወደ 0.6 ቮልት ያነባል። ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ኤልኢዲ አምፖል ሥር ስታስቀምጡት ግን ዜሮ ይጠጋል።

ምክንያት፦ ቀጥታ ፀሐይ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ነው፤ ሱቁ ከ300 እስከ 500 ቢሆን ነው። ጤነኛ ሴል ብርሃኑ በ10 እጥፍ በቀነሰ ቁጥር ከ60 እስከ 100 ሚሊቮልት ገደማ ያጣል፤ ስለዚህ 0.4 ቮልት አካባቢ ሊቀረው ይገባ ነበር። ካልቀረ ሴሉ ኤሌክትሪክ ያፈስሳል ማለት ነው። ኤሌክትሮላይቱ በቲታኒየም ዳይኦክሳይዱ ቀዳዳዎች ገብቶ ባዶውን መስታወት ይነካል፣ ኤሌክትሮኖቹም በዚያው ይመለሳሉ። ጎርፍ ሲወርድ የቦይ ስንጥቅ አይታወቅም፤ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ ግን ያው ስንጥቅ ይጨርሰዋል።

መፍትሄ፦ የቲታኒየም ዳይኦክሳይዱን ልጥፍ (ፓስታ) ከመቀባታችሁ በፊት መስታወቱን 40 ሚሊሞላር ቲታኒየም ቴትራክሎራይድ ውስጥ በ70 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አቆዩት። በውሃና በኢታኖል እጠቡት፤ ፓስታውን ቀብታችሁ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ አቃጥሉት። አደራ፣ ያልተበረዘው ፈሳሽ እርጥብ አየር ሲነካው የአሲድ ጭስ ያወጣል። ጭስ መሳቢያ ሥር፣ በበረዶ በቀዘቀዘ ውሃ ላይ ጠብታ በጠብታ ጨምሩት፤ በክረምት በተለይ ጠርሙሱን ከፍታችሁ አትተዉት።

ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ቀለም ለመቀየር ይሮጣል። መጀመሪያ ፍሳሹን ድፈኑ።

ሴሉ በከርከዴ ደምቆ ኤሌክትሪኩ እዚህ ግባ የማይባል ከሆነስ? በኢታኖል ቀስ አድርጋችሁ እጠቡት። ቀለሙ ወርዶ መስታወቱ ከነጣ አልያዘም። በደንብ የያዘ ከርከዴ ቀይነቱን ትቶ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ ይህን ለውጥ በዓይን ታዩታላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእርጥበት ነው፦ መስታወቱን 80 ዲግሪ ገደማ እያለ ንከሩት፣ ጨለማ ውስጥ አሳድሩት። ከርከዴ ለመማሪያ ግሩም ነው፤ ለዓመታት ለሚሠራ ሴንሰር ግን ሩቴኒየም የተባለው ብረት የሌለበት ኦርጋኒክ ቀለም ይሻላል።

ኤሌክትሮላይቱ ጠቆር ያለ ቡኒ ከሆነ አዮዲኑ በዝቷል፣ የኤልኢዲውን ሰማያዊ ብርሃን ይበላል። ቤት ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ትንሽ ስለሆነ አዮዲኑን ብትቀንሱ አይጎዳም። አቅም ካላችሁ በአዮዲኑ ፋንታ የመዳብ ኮምፕሌክስ (መዳብ ያለበት ውህድ) ሞክሩ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ የተሠራ ሴል በ1,000 ሉክስ ከብርሃኑ 28.9 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሯል።

ጠርዙ ላይ አረፋ ከታየ ፈሳሹ እየተነነ ነው። በኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ማሟሚያ የሆነው አሴቶናይትራይል በባሕር ጠለል 82 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከዚያም ቀድሞ። 165 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውን ሜቶክሲፕሮፒዮናይትራይል ተጠቀሙ። በተቃራኒው መስታወት ላይ በፕላቲኒየም ፋንታ ካርቦን ይበቃል። ኤሌክትሪክ የሚሰበስብ የብር (ብረቱ) መስመር ካለ አዮዲን ስለሚበላው ከማሸጊያው ውጭ አድርጉት።