የቢላዋ ሱቅን ደስታ የሚያበላሹ ስህተቶች

ቢላዋ የሚሰበስብ ሰው ደህና የቢላዋ ሱቅ ከገባ ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አያውቀውም። መስታወቱ ስር የተደረደሩት ሰንጢዎች ዓይን ይይዛሉ። የቆዳና የዘይት ሽታ አለ። አንዱ ሰንጢ ሲከፈት፣ ሌላው ሲዘጋ ይሰማል። ይህን ስልክ ላይ አያገኙትም። ፎቶ መልክ ያሳያል እንጂ ክብደቱን፣ ሚዛኑንና የሞላውን ጉልበት አይነግርዎትም። ያን የሚያውቀው እጅ ነው።

እንዲህ ያለ ጉብኝት በትንሽ ነገር ሲበላሽ ያናድደኛል። ከራሴም፣ ከሌሎች ሰብሳቢዎችም ያየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከችኮላ የሚመጡ ናቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና፣ አንድ በአንድ ላንሳቸው። «ብረቱ» ስል የቢላውን አካል፣ «ስለቱ» ስል የሚቆርጠውን ጠርዝ ማለቴ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ ፈልጎ መግባት

ሰው ስልኩ ላይ ያየውን ሞዴል ይዞ ይመጣል። «ይሄ አለ?» ይላል። «የለም» ሲባል ዞሮ ይወጣል። እዚያው ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ግን ፋብሪካው መሥራት ካቆመ የቆየ፣ ማንም ሳይነካው ከነካርቶኑ የተቀመጠ ዕቃ ሊኖር ይችላል። ባለሱቁ የማያወጣው ጠያቂ ስላጣ ነው።

የሚሻለው ምን እንደሚሰበስቡ መናገር ነው። «የቀንድ እጀታ ያላቸውን ነው የምሰበስበው» ወይም «የዚህን ፋብሪካ የድሮ ሥራ እፈልጋለሁ» ካሉ ይበቃል። ኦፒኔልን እንውሰድ። ጆሴፍ ኦፒኔል ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሳቮይ በሚባለው አካባቢ ይህን ሰንጢ መሥራት የጀመረው በ1890 ነው። በ1897 ከ1 እስከ 12 ቁጥር የሚደርሱ መጠኖች ወጡለት። ኋላ 1 እና 11 ቁጥር መሠራታቸው ቀረ። ብረቱ ሥራ ላይ እያለ እንዳይታጠፍ የሚይዘው ተሽከርካሪ ቀለበት የመጣው ደግሞ በ1955 ነው። ስለዚህ ቀለበት የሌለው አሮጌ 8 ቁጥር ያየ ሰብሳቢ ልቡ ቢመታ አይፈረድበትም። ትንንሾቹ ግን፣ ከ2 እስከ 5 ቁጥር ያሉት፣ ዛሬም ቀለበት የላቸውም። እነሱ ላይ ቀለበት ማጣት ስለ ዕድሜ ምንም አይናገርም። እንዲህ ያለውን ዝርዝር የሚያውቅ ባለሱቅ ፍላጎትዎን አንዴ ከሰማ፣ ዕቃው ሲገባ መጀመሪያ የሚያስታውሰው እርስዎን ነው።

ሳይጠይቁ ማንሳት፣ ብረቱን በጣት መዳሰስ

ይህ ባለሱቆችን በጣም የሚያስከፋ ስህተት ነው። ልክም ናቸው።

ላብ ውስጥ ጨው አለ። የጣት አሻራ ካርቦን ስቲል (በቀላሉ የሚዝገው ዓይነት ብረት) ላይ አርፎ ካልተጠረገ ዝገት ይሆናል። አንዳንዴ የአሻራው መስመር ሳይቀር ብረቱ ላይ ታትሞ ይቀራል። «የማይዝግ ነው» ተብሎም መዘናጋት የለም። እንግሊዛዊው የብረት ባለሙያ ሃሪ ብሪርሊ በ1913 ሼፊልድ ከተማ ውስጥ የማይዝገውን ብረት ሲሠራ፣ ምሥጢሩ የተጨመረበት ክሮሚየም ነበር። ዛሬ አንድ ብረት የማይዝግ ለመባል ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያስፈልገዋል። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ዝገትን ይከላከላል እንጂ ጨርሶ አያስቀርም። ስለቱ እንዲቆይ ተብሎ ካርቦን በብዛት የተጨመረበት ዓይነት ላይ ደግሞ ካርቦኑ ከክሮሚየሙ የተወሰነውን ይይዝበታል። ለመከላከያው የሚተርፈው ያን ያህል ያንሳል።

እና እንዴት ይያዝ? መጀመሪያ «ላየው እችላለሁ?» ይበሉ። ባለሱቁ ራሱ አውጥቶ ይስጥዎት። በእጀታው ይቀበሉ፣ በእጀታው ይያዙ፣ እጀታውን ወደ እሱ አድርገው ይመልሱ። ስለቱን በአውራ ጣት መሞከር አያስፈልግም። ብርሃን ስር ስለቱን ወደ ዓይንዎ ያዙሩት። የሰላ ስለት ብርሃን አይመልስም። የደነዘ ወይም የተሸረፈ ቦታ ካለ እዚያ ነጥብ ላይ ብልጭ ይላል። የክንድ ፀጉር መላጨት፣ ወረቀት መቁረጥ፣ እጅን ወርወር አድርጎ ሰንጢን መክፈት፣ «ጧ!» አድርጎ መዝጋት፣ ይህ ሁሉ የራስዎ ባልሆነ ዕቃ ላይ አይደረግም። ሰንጢ በኃይል ሲዘጋ ስለቱ እጀታው ውስጥ ካለው ሞላ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ያልተነካ ተብሎ የተቀመጠ ዕቃ አንድ ጭረት ካገኘው ለሰብሳቢ ያለው ዋጋ ይወርዳል። ኪስዎ ውስጥ ለስላሳ ጨርቅ ይያዙና ከመመለስዎ በፊት ጠረግ ያድርጉት። ያን ጨርቅ ያየ ባለሱቅ ቀጣዩን መሳቢያ ራሱ ይከፍትልዎታል።

መልኩን አይቶ ድምፁን አለመስማት

እጀታው ያምራል፣ ብረቱ ያበራል፣ ተገዛ። ቤት ሲደርስ ብረቱ ይወላገዳል። ከዚህ የሚያድነው ሁለት ደቂቃ ረጋ ማለት ነው። ለእኔ ከጉብኝቱ ሁሉ የምወዳት ሁለት ደቂቃ ይህች ናት።

ሰንጢውን ወደ ጆሮዎ ቀረብ አድርገው ቀስ ብለው ይክፈቱት። ማቆለፊያ የሌለው፣ በሞላ ብቻ የሚሠራ የድሮ ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ ይታገላል፣ ከዚያ ይለቃል፣ መጨረሻ ላይ «ቀጭ» ይላል። አንዳንዶቹ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ብረቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ አንዴ ያዝ ያደርጋሉ። ድምፁ ጥርት ካለ ሞላው ጤነኛ ነው። ብረቱ ልፍስፍስ ብሎ ከወጣ ወይ ሞላው ደክሟል፣ ወይ ውስጡ ቆሻሻ ገብቷል። ቆሻሻን አንድ ጠብታ ዘይት ያስለቅቀዋል። የደከመ ሞላ ግን ባለሙያ ፈትቶ ካልቀየረው አይመለስም። ያኔ ደግሞ ዕቃው እንደ መጀመሪያው ነው ማለት አይቻልም።

ቀጥሎ ይዝጉትና ጀርባውን ወደ መብራት ያዙሩት። በሞላውና ግራና ቀኝ ባሉት ስስ ላሜራዎች መካከል ብርሃን ያሳልፋል? ጥሩ ሥራ ሲሆን አያሳልፍም። ብረቱ ሲዘጋ መሃል ለመሃል ነው የሚቀመጠው ወይስ አንዱን ጎን ይነካል? አሁን ይክፈቱት። የብረቱን ጀርባ በጨርቅ ያዝ አድርገው ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች በቀስታ ይሞክሩት። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቅ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ማቆለፊያ ያለው ሰንጢ ብረቱ ወደ ላይና ወደ ታች ከተነቃነቀ ግን ማቆለፊያው መበላቱን እየነገረዎት ነው። በ1964 እንደወጣው የአሜሪካ ሰንጢ፣ ባክ 110፣ ዓይነት ማቆለፊያው ጀርባው ላይ የሆነ ሰንጢ ሲከፈት፣ የማቆለፊያው ጥርስ ጎድጓዳው ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባት አለበት።

በብሎን የተሠራ ከሆነ የብሎኖቹን ራስ በማጉያ መነጽር ይዩ። የካቻቢቴ ጭረት ካለ አንድ ሰው ፈትቶታል። ለምን እንደተፈታ ይጠይቁ። ምክንያቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል።

ማህተሙን እንዳለ ማመን

ብረቱ ሥር፣ ከእጀታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የሠሪው ማህተም ይኖራል። ማህተም ማንበብ የዚህ ፍቅር ግማሹ ነው። የአሜሪካው ኬዝ ፋብሪካ በ1970 ከስሙ ስር 10 ነጥቦች አደረገ። ከዚያ በየዓመቱ አንድ ነጥብ እየቀነሰ ሄደ። ስለዚህ 7 ነጥብ ካዩ ዓመቱ 1973 ነው። በ1980 የጀመረው ሌላ ዙር ስላለ ግን የፊደሉን ቅርጽም ማየት ያስፈልጋል። ሌላም አለ። አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ሕግ አወጣች። ማህተሙ ላይ «ጀርመን» የሚል የአገር ስም ያለበት አሮጌ ቢላዋ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው።

ስም ሁሉ ግን እኩል አይጠበቅም። «ዞሊንገን» የሚለው የጀርመን ከተማ ስም ከ1938 ጀምሮ በጀርመን በሕግ የተጠበቀ ነው። በዚያ አካባቢ ያልተሠራ ዕቃ ላይ ማተም ክልክል ነው። «ላጊዮል» ደግሞ የፈረንሳይ መንደር ስም ነው። ሞላው ላይ ንብ ያለባቸውና ይህን ስም የያዙ ቢላዎች በብዙ አገር ይሠራሉ፤ እጅግ ያማሩም አሉ፣ ርካሽ የፋብሪካ ሥራም አለ። ንቧ ብቻዋን ስለ ሥራው ጥራት አትመሰክርም። የሠሪውን ስም ይፈልጉ።

«ዳማስከስ» ሲባልማ ዓይን ይጠፋል። እንደ ውኃ ሞገድ የሚታየው መስመር የሚመጣው ሁለት ዓይነት ብረት ተደራርቦ፣ በእሳት ተጣብቆ፣ ተቀጥቅጦ፣ በመጨረሻ አሲድ ሲቀባ ነው። አሲዱ አንዱን ብረት ከሌላው ይልቅ ስለሚያጠቁረው መስመሩ ይወጣል። ተራ ብረት ላይ መስመሩ ብቻ የታተመበት ማስመሰያም ግን ገበያ ላይ ሞልቷል። መለያው ቀላል ነው። ብረቱን አዙረው ጀርባውን ይዩ። እውነተኛ ከሆነ የጎኑ መስመር ጀርባው ላይ ተሻግሮ ይቀጥላል፣ ልክ እንጨት ላይ እንደሚታየው መስመር። ጎኑ ላይ ሞልቶ ጀርባው ላይ ድንገት ከተቋረጠ ይጠርጥሩ። ጀርባውን አወልውለው የሚያጠፉም ስላሉ፣ ከገዙ በኋላ ሳይሆን ከመግዛትዎ በፊት ባለሱቁን ፊት ለፊት ይጠይቁ።

አሮጌውን አዲስ ማስመሰል

ይህን በራሴ እጅ አጥፍቼዋለሁ። ግራጫ የለበሰ አሮጌ ሰንጢ ገዝቼ፣ በዚያው ቀን እስኪያበራ ወለወልኩት። አበራ። ማህተሙ ግን ግማሹ ጠፋ። ግራጫውም አልተመለሰም።

ካርቦን ስቲል ላይ በዓመታት የሚመጣው ግራጫና ሰማያዊ ጥላ ዝገት አይደለም። ብረቱን ከባሰ ዝገት ይጠብቀዋል፣ ዕድሜውንም ይመሰክራል። ቀይ ሆኖ የሚፈረፈረው ነው ጠላት። እሱን በዘይትና በለስላሳ ነገር፣ በትዕግሥት ያንሱት። በሞተር የሚሽከረከር ድንጋይ አያስጠጉት። ሲገዙም ብረቱ ምን ያህል እንደተበላ ይገምቱ። ብዙ ዓመት የተሳለ ቢላዋ ይጠባል፣ ጫፉም ቅርጹን ይለውጣል። ለሰብሳቢ፣ ሙሉ ብረት ያለው ግራጫ ቢላዋ ከተበላና ከሚያበራ ይበልጥበታል።

በሰገባው ውስጥ አኑሮ መርሳት

ሰገባ መያዣ እንጂ ማኖሪያ አይደለም። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ የተለፋበት ኬሚካል ቅሪትም ብረትን ይበላል፣ የነሐሱንም ክፍል አረንጓዴ ያለብሰዋል። ቢላውን ለብቻ፣ ስስ ዘይት ቀብተው፣ ሰገባውንም ለብቻ ያስቀምጡ።

ከዚህ የሚብሰውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የድሮ ሴሉሎይድ (የጥንት ፕላስቲክ ዓይነት) እጀታ፣ የዝሆን ጥርስ ወይም የኤሊ ቅርፊት መስሎ የተሠራው፣ ሲያረጅ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ሲፈርስ የሚወጣው አሲድ ያለበት ጋዝ የራሱን ብረት ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያሉትን ሁሉ ያዝጋል። አንድ ሳጥን ሙሉ ስብስብ በአንድ ሰንጢ ሊጠፋ ይችላል። የካምፎር (የካፉር) ሽታ ሴሉሎይድ መሆኑን ይነግርዎታል። ኮምጠጥ ያለ ሽታ፣ የተሰነጣጠቀ እጀታ፣ ያለ ምክንያት የዛገ ችንካር ሲያዩ ደግሞ መፍረሱ ጀምሯል። እንዲህ ያለውን አየር በሚያገኝበት ቦታ ለብቻው ያኑሩት። ከእሳትም ያርቁት፣ በቀላሉ ይያያዛል።

ሕጉን አለመጠየቅ

አንዱ አገር የሚፈቅደውን ሰንጢ ሌላው ይከለክላል። ከቤት ማኖርና ይዞ መሄድም ይለያያሉ። የዝሆን ጥርስ እጀታ ከሆነ ደግሞ በ1989 የተወሰነውና በ1990 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የንግድ እገዳ አለ። ሰነድ ከሌለው ድንበር አያሻግሩት።

ሳይገዙ መውጣትን መፍራት

አይቶ፣ ይዞ፣ አመስግኖ መውጣት ነውር የለውም። ነውሩ ሌላ ነው። የባለሱቁን ጊዜና እውቀት ወስዶ፣ ዕቃውን እዚያ እጅ አስለምዶ፣ ኦንላይን መግዛት። ሱቆቹ የሚዘጉት እንዲህ ነው፤ ሲዘጉ የምናጣው ይህንኑ እጅ ነው። ወረፋ ያለበት ሰዓት ከሆነ ገለል ይበሉ፣ ሌላ ቀን ይመለሱ።

አንድ የቀንድ እጀታ ያለው ሰንጢ አራት ጊዜ ሄጄ አይቻለሁ። መጀመሪያ ቀን ያየሁት ቀንዱን ብቻ ነው፣ ከውስጥ የሚያበራ ማር መሰለኝ። በሁለተኛው ሞላውን ሰማሁት። በሦስተኛው ከሦስቱ ችንካሮች አንዱ ከሌሎቹ ትንሽ ወፈር ያለ መሆኑን አስተዋልኩ። ባለሱቁን ጠየቅኩት። ሰንጢውን ወደ መስኮቱ ወስዶ ረጅም ጊዜ አየው። «ተቀይሯል» አለ፣ «ግን የቀየረው ሰው ሥራውን ያውቃል።» በአራተኛው ቀን ከነችንካሩ ገዛሁት።