ደብረ ብርሃን ባለው በሬሳ ወንዝ ዳር ወፍ ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ስህተቱ ከወቅቱ ስም ይጀምራል። «በጸደይ ደብረ ብርሃን እንሂድ» ስል ጓደኞቼ መስከረምን ያስባሉ። በመስከረም መጨረሻ የሚገባው ግን መጸው ነው። ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው በጋውን እኛ ዘንድ የከረሙት ወፎች በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ግንቦትን ከጠበቃችሁ አብዛኞቹ የሉም።

ማርፈድም አለ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ከብርድ ልብስ መውጣት ራሱ ፈተና ነው። ግን 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወንዙ ዳር ድረሱ። 4 ሰዓት ላይ የምታገኙት ልብስ አጣቢ ነው። ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ አለዚያ ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው።

ትልቁ ስህተት ቀጥ ብሎ ወደ ወፉ መሄድ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ሁለት ወፎች ሣር ሲግጡ አየሁ። ዳክዬ መሰሉኝ። ካሜራዬን ደግኜ ስጠጋ ብድግ አሉ። ክንፋቸው ሲዘረጋ ፈዛዛ ሰማያዊ ብልጭ አለ። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ኖሯል! አጠገባቸው አንድ እረኛ በጎቹን ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲል ነበር። እሱን ቁብም አልሰጡት። «ጋሼ፣ ዝም ብለው ቁጭ ይበሉ፤ ይመለሳሉ» አለኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሱ። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጀርባቸው ላይ አጥፈው፣ ሰው የረሱ ይመስል እየተንጎራደዱ ጋጡ። ከግብፅ ዝይ ጋር እንዳታምታቷቸው፤ እሷ ከነሱ ትበልጣለች፤ ዓይኗ ዙሪያ ቡናማ ነው፣ ጫጫታዋም አይጣል ነው።

ተራ ነው ብላችሁ የምትንቁትም አለ። በመንጋ እየጮኸ የሚያልፈው፣ ቆልማማ መንቁሩን መሬት ውስጥ እየሰካ ትል የሚለቅመው ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይኖርም።

በስልክ የወፍ ድምፅ ማጫወት ይቅርባችሁ። ወፉ ተቀናቃኝ መጣብኝ ብሎ ጎጆውን ትቶ ይወጣል። የበልግ ገብስም አትርገጡ። ባለቤቱን «እንደምን አደሩ አባባ» ብላችሁ ጠይቁ፤ መንገድ ያሳዩዋችኋል፣ ውሻቸውንም ይይዙላችኋል።

በአንኮበር ስም የተጠራችውን ትንሽ ወፍ ግን እዚህ ወንዝ ዳር አትፈልጓት። እሷ የምትወደው ገደል ነው። ካማረቻችሁ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ አንኮበር ውጡ፤ አፋፉ ላይ ያለ ጋቢ እንዳትቆሙ ብቻ።