የአውቶሞቲቭ ተማሪዎች ክበብ እንዴት ይቋቋማል?

ኮሌጅ ውስጥ ክበብ ሲታሰብ ቀድሞ የሚመጣው ሊቀመንበርና ማኅተም ነው። ትንሽ ቆይቶ ስብሰባው ይቀዘቅዛል። የመኪና ሙያ ክበብ ግን እጅ የሚያቆሽሽ ሥራ ካገኘ በቀላሉ አይበተንም። ስለዚህ የመተዳደሪያ ደንቡ ይቆያችሁ። የሚከተለው በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ ለምትማሩ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

1. ሰው ሰብስቡ

ለመነሻ ስድስት ሰባት ሰው ይበቃል። ሁሉም ተመራቂ አይሁን። ግማሹ ከታችኛው ደረጃ ይምጣ፤ አለዚያ እናንተ ስትመረቁ ክበቡም አብሯችሁ ይመረቃል። ከኤሌክትሪክ ክፍል አንድ ሰው ጨምሩ፤ የዛሬ መኪና ብልሽት ብዙው ሽቦና ሴንሰር ነው። ከአካውንቲንግም አንድ ቢገኝ ገንዘብ ይይዝላችኋል። ሴት ተማሪ ስትመጣ ቃለ ጉባኤ አስይዞ መተው የተለመደ ነው። ይቅር። እሷም ቁልፍ ይዛ ሞተር ትፍታ።

2. ፈቃድ አግኙ

ከወርክሾፑ አሰልጣኞች አንዱን አማካሪ አድርጉ። ለዲኑ የምትጽፉት ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይለፍ። መቼ እንደምትገናኙ፣ የወርክሾፑን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ፣ ያለ አሰልጣኝ የማትነኩት ምን እንደሆነ ጻፉ። ዲኑ ዓላማችሁን ወዶም ቢሆን «አደጋ ቢደርስ ማን ይጠየቃል?» ማለቱ አይቀርም።

3. የሚፈታ ሞተር ፈልጉ

ዋናው ነገር ይሄ ነው። በኮሌጁ ጓሮ የተጣለ ሞተር ከሌለና አዲስ አበባ ከሆናችሁ፣ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት መርካቶ ሶማሌ ተራ ውረዱ። የማይነሳ የኮሮላ ሞተር ይበቃችኋል። ዋጋ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ተማሪ መሆናችሁ ከታወቀ ዋጋው የሚቀንስ እንዳይመስላችሁ።

መጀመሪያ ዘይቱን በዕቃ አፍስሱ፤ መሬት ላይ አይደፋ። ከመፍታታችሁ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። የወጣውን ቡሎን ሁሉ ካርቶን ላይ ሰኩና ከየት እንደወጣ ጎኑ ላይ ጻፉ። የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ቡሎን ከዳር ወደ መሃል፣ በጥቂት በጥቂቱ ይላላል። ሲገጠም ከመሃል ወደ ዳር ነው፤ ያውም ጥብቀቱን በሚለካው ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች፣ በየደረጃው፣ ማኑዋሉ በሚለው ልክ። ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ሰው ቴስታታውን ሊያጣምመው ይችላል። ከዚያ ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ በደንብ እዩት። ውሃና ዘይት ተቀላቅሎ ከነበረ፣ የተበላበት ቦታ ብዙ ጊዜ በዓይን ይታያል።

ከዚያ መልሳችሁ ግጠሙት። ቀጣዩ ቡድን ደግሞ ይፍታው። አንድ ሞተር ዓመት ሙሉ ያስተምራል። ዩኒቨርሲቲዎች የሚፎካከሩበት፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው ፎርሙላ ኤስኤኢ አለ፤ ተማሪዎች ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና ራሳቸው ሠርተው ይወዳደራሉ። ሕልሙ ደስ ይላል። ለመጀመሪያው ዓመት ግን ይቆያችሁ።

4. የማይጣስ ሕግ አውጡ

በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም አይገባም፤ ስታንድ (የብረት ድጋፍ) ይደረግበት። ቀለበት ይውለቅ፤ ሐብልም ማተብም ልብስ ውስጥ ይግባ። የእሳት ማጥፊያው በር አጠገብ ይቀመጥ። ይህን የጣሰ ሰው፣ ሊቀመንበሩም ቢሆን፣ የዚያን ቀን ወደ ቤቱ ይሂድ።

5. የምርመራ ቀን አዘጋጁ

በሴሚስተር አንድ ቅዳሜ የመምህራኑን መኪና በነፃ እዩ። የጎማ ነፋስ፣ መብራት፣ የፍሬን ዘይት መጠን፣ ባትሪ። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተር ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ወደ 14 ይጠጋል፤ ካልጨመረ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ይመርመር። ያያችሁትን በወረቀት ጽፋችሁ ለባለቤቱ ስጡ። ፍሬን ግን እንዳትፈቱ! ጥፋት ካገኛችሁ ተናገሩ፤ ጥገናው የጋራዥ ሥራ ነው።

6. ኤሌክትሪክ መኪናን አትሽሹ

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ተከልክሏል። ስትመረቁ ጋራዥ የሚመጣላችሁ ሥራ እየተለወጠ ነው ማለት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግን ባለሙያ ጋብዙና ይጠየቅ። ብርቱካንማ ሽፋን ያለውን ገመድ ግን አትንኩ። በብዙዎቹ መኪኖች ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ያለው በዚያ ነው፤ ባትሪው ከተለያየ በኋላም ኃይሉ ወዲያው አይጠፋም። ለዚህ ልዩ ሥልጠናና ጓንት ያስፈልጋል።

7. ገንዘብና ርክክብ

መዋጮው ትንሽ ይሁን፤ ወጪ በሁለት ፊርማ ይውጣ። ምክትሎቹ ሁሉ ከታችኛው ደረጃ ይሁኑ። ርክክቡ ተመራቂዎቹ ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና መሯሯጥ ሳይጀምሩ ይለቅ፤ በዚያ ሰሞን ማንም ጊዜ የለውም። የመሣሪያው ዝርዝር እየተነበበ ካቻቢቴውም ፒንሳውም ይቆጠር። የጎደለውን አስረካቢው ይተካ፤ ከዚያ አማካሪው አሰልጣኝ ይፈርምበት።