ውስብስብ ፕሮጀክት ሲመሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የአመራር ስህተቶች

አዲስ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «የትኛው የአመራር ዘይቤ ይሻላል?» እያሉ ነው። ከቅንነት የመጣ ጥያቄ ስለሆነ ደስ ይለኛል፤ ግን በቀጥታ ወደ መጀመሪያው ስህተት ይወስዳቸዋል።

አንድ ዘይቤ ይዞ ሙጭጭ ማለት

ዘይቤ የሚመረጠው ከፊት ላለው ውሳኔ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ከአሮጌ ሲስተም ወደ አዲስ ይዛወራል እንበል። ምን ይቅር፣ ምን ይሻሻል የሚለው ሲወሰን፣ ሲስተሙን በየቀኑ የሚሠሩበት ሰዎች ካልተናገሩ ሥራ አስኪያጁ የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው። እዚህ ላይ መሪ ብዙ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይናገራል። ዳታው የሚዛወርበት ሌሊት ግን ሌላ ነው። ቅደም ተከተሉ ተጽፎ ያለቀ፣ «ቀጥሉ» ወይም «ወደ ነበረበት መልሱ» የሚለው ሰው አንድ፣ የመመለሻው ሰዓትም አስቀድሞ የተቆረጠ መሆን አለበት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የአሮጌውና የአዲሱ ሲስተም ድምሮች አልገጥም ሲሉ ከሁሉም ሰው አስተያየት መሰብሰብ የሚጀምር መሪ ቡድኑን ያለ መሪ ጥሎታል።

«ተፈጥሮዬ እንዲህ ነው» የሚለውንም ይተዉት። ሥራው ተፈጥሮዎን አይጠይቅም።

ሥራው ሲዘገይ ማጥበቅ

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። የጊዜ ሰሌዳው ሲንሸራተት፣ እስከ ትናንት ሲያዳምጥ የነበረው መሪ በአንድ ጀምበር አዛዥ ይሆናል። የሳምንቱ ሪፖርት በየቀኑ ይጠየቃል፤ ስብሰባ ላይ «ችግር ሳይሆን መፍትሔ ይዛችሁ ኑ» ይባላል። ከዚያስ? መፍትሔ ያላገኘለትን ችግር የያዘ ሰው ዝም ይላል። «90 በመቶ ተጠናቋል» የተባለው ሥራ በሚቀጥለው ሳምንት 92፣ ከዚያ 94 ይሆናል፤ በቀረችው 6 በመቶ ውስጥ ማንም ያልፈታው እንከን ተቀብሯል። እንዲህ ያለ ሪፖርት ባየሁበት አንድ ፕሮጀክት ላይ እንከኑን የሚያውቀው ጀማሪ ሠራተኛ ነበር። ማንም አልጠየቀውም። ሲጠየቅ ነጭ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሳጥንና አንድ ቀስት ስሎ እዚያው አስረዳን።

የተናገረም ቢሆን ላይሰማ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ልትመጥቅ ስትል፣ በዋዜማው ምሽት የሮኬቶቹ አምራች ኩባንያ መሐንዲሶች ብርዱ የመገጣጠሚያዎቹን የጎማ ማሸጊያ ሥራውን ሊያስተው እንደሚችል አስጠንቅቀው ነበር። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ሲጫን የራሳቸው አለቆች አቋማቸውን ለወጡ። በወትሮው መረጋገጥ ያለበት ደህንነቱ ነበር፤ ያን ምሽት ግን መሐንዲሶቹ አደጋውን እንዲያረጋግጡ የተጠየቁ ያህል ሆነ። መንኮራኩሯ በተነሣች በ73 ሰከንድ ተበታተነች፤ 7ቱም ተሳፋሪዎች ሞቱ።

ሥራ ሲዘገይ ምን እንደሚቀነስና ምን እንደሚቀድም ፈጥነው እርስዎ ይወስኑ። የችግሩን ስፋት ግን ሠራተኞቹ ይንገሩዎት፤ መጥፎ ዜና ይዞ የመጣውንም በሰው ፊት ያመስግኑት።

ወስነው ካበቁ በኋላ ማማከር

ውሳኔው ካለቀ «ወስኛለሁ፣ ምክንያቱም ይኼ ነው» ይበሉ። ሰው ትእዛዝ ይቀበላል። የማስመሰያ ምክክር መሆኑን አንዴ ከነቃ ግን ከልብ ሲጠይቁትም አይመልስልዎትም።

የሥራ ዘመንን እንደ ብቃት መቁጠር

የአመራር ምሁራኑ ፖል ሄርሲ እና ኬን ብላንቻርድ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረቡት ሐሳብ አመራር እንደ ተመሪው ሁኔታ መለዋወጥ አለበት ይላል። ብዙዎች ይህን «ለጀማሪ ትእዛዝ፣ ለነባር ነፃነት» ብለው ያሳጥሩታል። የሚታየው ግን ሰውየው ለዚያ ሥራ ያለው ዝግጁነት ነው። ውል አስተዳድሮ የማያውቅ አንጋፋ መሐንዲስ በውል አስተዳደር ጀማሪ ነው።

ውክልናን ከመተው ጋር ማምታታት

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኩርት ሌዊን፣ ሮናልድ ሊፒት እና ራልፍ ኋይት እ.ኤ.አ. በ1939 ያሳተሙት ስለ አመራር ዘይቤ የሚያወራ ጥናት የተሠራው በ10 ዓመት ገደማ ልጆች ላይ ስለሆነ እንዳለ ወደ ሥራ ቦታ አይገለበጥም። ሆኖም ያዩት ነገር ለማንም ሥራ አስኪያጅ አዲስ አይደለም፦ በአዛዥ መሪ ሥር የነበሩት መሪው ከክፍሉ ሲወጣ ሥራቸው ላላ፤ ልቅ በሆነው ሥር የነበሩት ደግሞ ከመጀመሪያውም ብዙ አልሠሩም። ስለዚህ ሥራ ሲወክሉ ተወካዩ እስከ ስንት ብርና እስከ ስንት ቀን መዘግየት ድረስ ሳይጠይቅ እንደሚወስን፣ ምን ሲያጋጥመው ደግሞ ሌሊትም ቢሆን እንደሚደውልልዎት በጽሑፍ ይስማሙ።