ጣውንት ያለበትን የዘር ሐረግ እንዴት መሳል ይቻላል

ጎጃም ውስጥ አንድ አዛውንት «ሦስት ሚስት አግብቻለሁ» ቢሉ ሦስቱም በአንድ ዘመን ነበሩ ማለት ላይሆን ይችላል። አንዷን ፈተው፣ ሌላዋ ሞታባቸው፣ ሦስተኛዋን በስተርጅና አግብተው ይሆናል። ባሕር ዳር ዙሪያ የቤተሰብ ታሪክ የሚሰበስብ ተማሪም ሆነ የአያቶቹን ሐረግ ለልጆቹ ማቆየት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሰማውን ሚስት ሁሉ ጎን ለጎን ይደረድርና ያልነበረ ጣውንትነት ወረቀቱ ላይ ይፈጥራል።

ኤ3 ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስና ቀይ እስክሪብቶ ያዙ። ኤ3 ከጠፋ ሁለት ኤ4 በፕላስተር አያይዙ። ወረቀቱን አግድም አስተኙት፤ የሚበዙት ሚስቶችና ልጆች ስለሆኑ ሐረጉ ከቁመቱ ይልቅ በስፋቱ ነው የሚያድገው። ወንድ ሦስት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፣ ጋብቻ ሁለት ትይዩ ሰረዝ ነው። ፍቺ ሲኖር በሁለቱ ሰረዞች ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመራል፤ የሞተ ሰውም እንዲሁ በራሱ ምልክት ላይ። ምልክቱን አንድ ሳንቲሜትር አድርጉት፣ በባልና ሚስት መካከል ሦስት፣ በትውልድና በትውልድ መካከል አምስት ሳንቲሜትር ተዉ። ዓመትና ማስታወሻ የሚገባው እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ነው።

ባልየውን መሃል አድርጉ። የመጀመሪያዋ ሚስት በግራ፣ ሁለተኛዋ በቀኝ፣ የቀሩት ከእነሱ ወደ ውጭ ይሄዳሉ። በእያንዳንዱ ጋብቻ ሰረዝ ላይ የተራ ቁጥር፣ ከሥሩ ጋብቻው የተጀመረበትንና ያበቃበትን ዓመት ጻፉ። የልጆች መስመር የሚወርደው ከዚያው ከሁለቱ ሰረዞች መሃል ነው። ከባልየው ብቻ አንድ መስመር አውርዶ ልጆቹን ሁሉ ከሥሩ መደርደር ትልቁ ጥፋት ነው፤ «የአባቴ ልጅ» እና «የእናቴ ልጅ» ይደበላለቁና ሰባት ቤት ሲቆጠር በእናት በኩል ያለው ዝምድና ጭራሽ ይጠፋል። (ሰባት ቤት ሲባል ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር ቆጣሪውን ሽማግሌ ጠይቁ፤ ሁሉም ከአንድ ቦታ አይነሳም።)

ለምሳሌ አንድ የባሕር ዳር ሙስሊም ነጋዴ በ1968 ሀ1ን፣ በ1975 ሀ2ን አገባ እንበል። ሀ1 በ1990 ሞተች፣ ሀ3ን በ1992 አገባ። ሦስት ክብ ይሳላል፤ ዓመቶቹን ስታነጻጽሩ ግን በአንድ ጊዜ ሦስት ሚስት የነበሩበት ቀን የለም። ሀ1 እና ሀ3 ጣውንት አልነበሩም፣ ምናልባትም አይተዋወቁም። ጣውንት የነበሩትን ብቻ በቀይ እስክሪብቶ ቅስት አገናኟቸው።

ዓመቱን «መቼ ነው?» ብሎ በመጠየቅ ማግኘት ይከብዳል። አብዮቱ (1966)፣ ድርቁ (1977)፣ ኢሕአዴግ የገባ ጊዜ (1983)፣ የመሬት ሽግሽጉ (1989)፣ ሚሊኒየሙ (2000) እየተጠቀሱ «ያኔ ማን ቤት ነበሩ?» ቢባል ይሻላል። ሴቶችንም «ስንት ልጅ አለዎት?» ሳይሆን «ስንት ወለዱ?» በሏቸው፤ በልጅነታቸው የሞቱት በመጀመሪያው ጥያቄ አይቆጠሩም። እያንዳንዷን ሚስት ለየብቻ አነጋግሩ፤ ጣውንቷ ባለችበት የምትነግራችሁ ለጎረቤት የሚነገረውን ነው። ቅዳሜ ደግሞ የባሕር ዳር ገበያ ስለሆነ ቤት አታገኟቸውም። ስሙ ከተመሳሰለ የክርስትና ስም ይለየዋል።

«በምን ተጋባችሁ?» የሚለውን አትዝለሉ። ቁርባን፣ ሰማንያ፣ ኒካሕ፤ አንድ ፊደል በሰረዙ ላይ ይበቃል። መልሱ ስህተትም ያወጣል። ቄስ ሁለት ሚስት ይዞ ከተገኘ ወይ ሰምታችሁ ተሳስታችኋል ወይ ክህነቱን ትቷል። በእስልምና አራት ሚስት ጣሪያ ነው፣ በመካከላቸው ፍትሕ ማድረግም ግዴታ ነው፤ አምስተኛ ስም በሕይወት ካለ አንዷ ሳትፈታ አልቀረችም። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ደግሞ አራት ወር ከአሥር ቀን ስለምትጠብቅ፣ እርጉዝ ከሆነችም እስክትወልድ፣ ሟቹ በተቀበረ ሰሞን የተመዘገበ አዲስ ጋብቻ እንደገና ይጠየቅ።

የሌላ አገር ሥርዓት ለማነጻጸር ከሳላችሁ ከባዱ ብዙ ባል ያለበት ነው። ሴቲቱ መሃል ትገባለች፤ ቲቤት ውስጥ እንደሚታየው ባሎቹ ወንድማማቾች ከሆኑ ከላያቸው አንድ የወንድማማችነት መስመር ተዘርግቶ ከእያንዳንዳቸው ወደ እሷ የጋብቻ ሰረዝ ይሄዳል። እዚያ እርሻው በወንድማማቾች እንዳይከፋፈል አንድ ሚስት ያገባሉ፤ ልጆቹ ታላቁን ብቻ ወይም ሁሉንም «አባት» ሊሉ ይችላሉ። በሰሜን ምዕራብ ኔፓል ሁምላ ያሉት ኒንባዎች ግን የየትኛው ልጅ አባት የትኛው ወንድም እንደሆነ ለይተው ይናገራሉ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት መስመር ያስፈልጋችኋል፤ አባት ለሚባለው ድፍን፣ ለወላጁ ነጠብጣብ።

ይህ መስመር ከሌለ የደቡብ ሕንዶቹ ቶዳዎች አይሳሉም። እዚያ ሚስት ስታረግዝ፣ በሰባተኛው ወር ገደማ፣ ከባሎቹ አንዱ ቀስትና ፍላጻ ይሰጣት ነበር፤ ሌላው ባል በተራው እስኪሰጣት ድረስ የምትወልዳቸው ሁሉ የዚያ ሰው ልጆች ናቸው። ድፍኑ መስመር ወደ ቀስት ሰጪው ይሂድ። ጋምቤላና ደቡብ ሱዳን ባሉት ኑዌሮች ዘንድ ወንድም በሞተ ወንድሙ ስም ሚስት ሊያገባ ይችላል፤ ልጆቹ የሟቹ ናቸውና ድፍኑ መስመር ሰያፍ ወዳለበት ሦስት ማዕዘን ይወጣል፣ ነጠብጣቡ ወደ ሕያው ወንድም።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ በወረቀቱ ላይ እውነተኛ ስም አታስፍሩ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 በጋብቻ ላይ ጋብቻን ያስቀጣል፤ አንቀጽ 651 በሕግ የታወቀ የሃይማኖት ወይም የባህል ልማድን ተከትሎ የተፈጸመውን ይለያል። የትኛው ውስጥ እንደሚወድቅ ሳያውቅ ያጫወታችሁን ሰው ማስረጃ አታድርጉት። ፊደልና ቁጥር ስጡት፣ ቁልፉን በሌላ ደብተር አስቀምጡ።

በሁለተኛው ጉብኝት ሐረጉን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ብዙ ጊዜ የሚያርሙት አሮጊቶቹ ናቸው፤ «እሷማ ከእኔ በኋላ ነው የመጣችው» የሚለው እርማት ዓመቱን ሁሉ ያዛውራል። ለዚህ ነው ሁለት ሰው ያልተስማማበት ዓመት ሁሉ በእርሳስ የሚቆየው።