ሬዲዮውን ከሲጋራ መለኮሻው ላይ ንቀሉት

መኪና ላይ የተገጠመ መገናኛ ሬዲዮ «ይሰማል ግን አያወራም» ሲባል ብዙ ሰው አንቴናውን ነው የሚጠረጥረው። እኔ መጀመሪያ ሽቦውን አያለሁ። ሬዲዮው እያዳመጠ ሲቆይ የሚፈጀው ግማሽ አምፒር ገደማ ነው። ማይኩን ስትጫኑት ግን ባለ 50 ዋቱ ቪኤችኤፍ (VHF) ሬዲዮ 12 አምፒር አካባቢ ይስባል፣ ከሲጋራ መለኮሻ የተቀጠለች ቀጭን ሽቦ ደግሞ ይህን አትችልም፣ ቮልቱ ይወርድና ሬዲዮው ድርግም ብሎ ይጠፋል።

ስለዚህ ቀጥታ ከባትሪ። ግን መጀመሪያ ቮልቱን ለኩ። ኮፈኑ ሥር ሁለት ባትሪ አየሁ ማለት 24 ቮልት ነው ማለት አይደለም፤ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ታስረው 12 ሊሆኑ ይችላሉ። አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ ግን ብዙ ጊዜ 24 ነው የምታገኙት። ያኔ ወደ 12 የሚቀንስ፣ 20 አምፒር የሚችል ኮንቨርተር ያስፈልጋል። «ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ውሰድ፣ ምን ችግር አለው» የሚላችሁ አይጠፋም። ችግሩ ወዲያው አይታይም። ዲናሞው ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚሞላው፣ ሬዲዮው አንዱን ብቻ ሲመጠው የሚመጠጠው ሁሌ እየጎደለ ሌላው ከልክ በላይ እየተሞላ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ሁለቱንም ትገዛላችሁ።

ሽቦው ባለብዙ ክር ይሁን። የቤት መስመር ደረቅ ሽቦ ንዝረት ይሰብረዋል። ከባትሪ እስከ ሬዲዮ 4 ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 8 ሜትር ነው፤ በ12 አምፒር ባለ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ 1.1 ቮልት ይበላባችኋል፣ ባለ 4ቱ 0.4 ብቻ።

አሁን ፊውዙ። ከባትሪው ፖዘቲቭ 20 ሴንቲሜትር እንኳ ሳይርቅ ይቀመጥ። አንዴ አንድ ፒክአፕ ላይ ለመቀየር ይመቻል ብዬ ዳሽቦርዱ ሥር አደረግሁት፣ ሽቦው ከሞተሩ በኩል ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ላይም ጎሚኒ (ሽቦውን ከጠርዝ የሚከላከል የጎማ ቀለበት) ማድረግ ሰነፍኩ። ጥቂት ሳምንት ኮረኮንች ላይ ሲነዳ የላሜራው ጠርዝ የሽቦውን ፕላስቲክ በላው። ፊውዙ ከዚያ ወዲህ ስለነበር ምንም አላወቀም። ሾፌሩ 10 ቁልፍ ፈልጎ ባትሪውን እስኪፈታ ድረስ ቀዩ ሽቦ እንደ ማስቲካ ተለጥጦ ነበር፣ ሽታው ከወንበሩ ሳይወጣ ሰነበተ። ፊውዝ ሬዲዮውን ብቻ ሳይሆን መንገዱን ሁሉ ነው የሚጠብቀው።

ስትሠሩ ኔጌቲቩን መጀመሪያ ፍቱ፣ መጨረሻ ላይ እሰሩ። ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ ቦዲ ቢነካ ያኔ ብልጭታ የለም። የሬዲዮውን ጥቁር ሽቦ ባትሪው ላይ እሰሩት፤ ኔጌቲቩ ላይ ሴንሰር ያላቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን የባትሪው ኔጌቲቭ ከቦዲ ጋር የሚታሰርበት ብሎን ላይ ነው። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ላጡት፣ ቀለም ከረንት አያሳልፍም።

ከባትሪ ቀጥታ የተወሰደ ሬዲዮ ቁልፍ ሲነቀልም አይጠፋም። 0.4 አምፒር እየሳበ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት፣ 60 ሰዓት፣ 24 አምፒር-አወር ነው፤ ባለ 70 ባትሪ ሲሶው ሄደ። ሬዲዮው ከቁልፉ ጋር የሚገናኝ ቀጭን ሽቦ ካለው፣ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከረንት የሚያገኝ መስመር ላይ ቀጥሉት፣ ለእሱም ትንሽ ፊውዝ።

የፍሪኩዌንሲ ፈቃዱ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን መሆኑን ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም።

ፍተሻው እንዲህ ነው። አንቴናውን እሰሩ፣ ያለ አንቴና ማይክ እንዳትጫኑ፣ የሬዲዮውን የማውጫ ክፍል ታቃጥሉታላችሁ። ሞተር አስነሡ። መልቲሜትሩን ከሬዲዮው ጀርባ አድርጋችሁ ማይኩን ጥቂት ሰከንድ ተጫኑ። ከ13.8 ወደ 13.3 ቢወርድ ደህና ነው። ከ12.5 በታች ከወረደ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በጣት ዳስሱ፤ የሞቀው እሱ ነው።